ተከታይ የሚገባቸው የድሮ ጌሞች፦ የቱን እንጠብቅ፣ የቱን አሁኑኑ እንጫወት?

አንድ የምትወዱት የድሮ ጌም አለ። ስሙ ሲነሳ ሙዚቃው ጆሯችሁ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን ተከታይ ወጣለት ይባላል። ገዝታችሁ ትከፍቱታላችሁ። ስሙ ያው ነው፤ ገጸ ባሕርያቱም ያው ናቸው። ጌሙ ግን ሌላ ነው። እጃችሁ አያውቀውም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ትንሽ ስቱዲዮ የሠራውን ጌም ትከፍታላችሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያ የድሮ ስሜት ተመልሶ ይመጣል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በእነዚህ በሁለቱ መሃል ግራ ለተጋባ ሰው ነው። ሰባት ጌሞችን አወዳድራለሁ። ሰባቱም ታማኝ ተከታይ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዱን መጠበቅ ያዋጣል። የአንዳንዱን ቦታ ሌላ ጌም ይዞታል፤ እሱን መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው። አንዳንዱ ደግሞ የድሮው ራሱ ዛሬም አላረጀም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መጀመሪያ «ታማኝ» የሚለውን ቃል እናጥራ

ብዙ ሰው ታማኝ ተከታይ ሲባል መልኩን ያስባል። ያው ጀግና፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው ቀለም። እኔ ከመልክ አልጀምርም።

ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ 4 የሚባለውን የድብድብ ጌም እንውሰድ። በ2020 ወጣ፤ ከሦስተኛው ክፍል 26 ዓመት በኋላ። የድሮዎቹ በፒክስል የተሠሩ ናቸው። አዲሱ በእጅ የተሳለ ካርቱን ነው። በመልክ አይገናኙም። ነገር ግን በድሮው ጌም ጠላት ሲከባችሁ የምትጠቀሙበት አንድ ኃይለኛ ምት ነበር። ዋጋውን የምትከፍሉት ከራሳችሁ ጤና ነው። አዲሱ ይህን ሕግ አልጣለም። አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት፦ ጠላት ሳያገኛችሁ ደጋግማችሁ ከመታችሁት የከፈላችሁት ጤና ይመለስላችኋል። ጥያቄው ያው የድሮው ነው፤ «አሁን ልክፈል ወይስ ልታገሥ?» መልሱ ግን ይበልጥ አጓጊ ሆነ። ለእኔ ታማኝነት ይህ ነው።

በሌላ በኩል ሸንሙ 3 አለ። በ2019 ወጣ፤ ከሁለተኛው 18 ዓመት በኋላ። ደጋፊዎች ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። የድሮውን ዝግታ፣ የድሮውን የገጸ ባሕርያት አነጋገር እንዳለ ይዞ መጣ። ይህንን የወደዱለት አሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። አዲስ ሰው ግን ለመግባት ይቸገራል። ታሪኩም አሁንም አላለቀም። ጌሙ ልቡን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ይዞ ነው የመጣው።

ስለዚህ ትርጉሜ ቀላል ነው። ታማኝ ተከታይ ጌሙ በየደቂቃው የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ጠብቆ ሌላውን ለማደስ የማይፈራ ነው።

አንዳንድ ቃላት ስለሚምታቱ እዚሁ ላስቀምጣቸው። ሪማስተር ያው ጌም ጸድቶ ሲቀርብ ነው። ሪሜክ ከመሠረቱ እንደገና ሲሠራ ነው። ተከታይ አዲስ ጌም ነው። መንፈሳዊ ወራሽ የምለው ደግሞ ስሙ ሌላ ሆኖ ልቡን የወረሰውን ነው።

## አራቱ መለኪያዎች

ልቡ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለብን። ካልቻልን የሚመጣውን ተከታይ በምን እንለካዋለን?

ቦታው ባዶ ነው? ሌላ ጌም ያንን ልብ ወርሶት ከሆነ የተከታዩ ጥማት ይቀንሳል።

የሚሠራው አለ? መብቱ በማን እጅ ነው? ያ ባለቤት ይህን ዓይነት ጌም መሥራት እንደሚችል በቅርብ አሳይቷል? የእኛ ምኞት ብቻውን ጌም አያወጣም።

የድሮው ዛሬ ይገኛል? በቀላሉ የሚገኝና የሚሠራ ከሆነ ምንም ሳትጠብቁ መጀመር ትችላላችሁ። ለአብዛኛው አንባቢ ከአራቱ ወሳኙ ይህ ይመስለኛል።

ግራፊክስ መለኪያ ውስጥ የለም። አውቄ ነው የተውኩት።

## ኤፍ-ዜሮ፦ ከሁሉም ባዶው ቦታ

ኤፍ-ዜሮ በ1990 ከሱፐር ፋሚኮም ኮንሶል ጋር አብሮ የወጣ የኒንቴንዶ የእሽቅድምድም ጌም ነው። ሩቅ በሆነ ወደፊት ዘመን ጎማ የሌላቸው መኪኖች ይወዳደራሉ። ብዙ ሰው ልቡ ፍጥነቱ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ፈጣን ጌም ሞልቷል።

እውነተኛው ልቡ የመጣው በ1998 በወጣው ኤፍ-ዜሮ ኤክስ ነው። መኪናችሁ ጉልበት የሚባል መስመር አለው። ግድግዳ ስትነኩ ይቀንሳል፤ ሲያልቅ መኪናው ይፈነዳል። ማለትም ሕይወታችሁ ነው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግን ያንኑ ጉልበት ወደ ፍጥነት መቀየር ትችላላችሁ። ሕይወታችሁን እያቃጠላችሁ ትቀድማላችሁ። መንገዱ ላይ ጉልበት የሚሞላበት ቦታ አለ። እዚያ እስክትደርሱ ምን ያህል ላቃጥል? ይህንን የምታሰሉት በሰዓት ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረራችሁ፣ 29 ሌሎች መኪኖች ዙሪያችሁን ከበው ነው። መሣሪያ መተኮስ የለም። የሚረዳችሁ ዕድል የለም። እናንተና ያቺ መስመር ብቻ።

በ2003 ኒንቴንዶ ጌሙን ሴጋ ለሚባለው ሌላ የጌም ኩባንያ ሰዎች ሰጠ። ኤፍ-ዜሮ ጂኤክስ ተወለደ። 30 መኪኖች፣ በሰከንድ 60 ምስል፣ በዚያ ዘመን ኮንሶል ላይ። የታሪክ ክፍሉ እጅግ ከባድ ነው፤ ስንቱን እንዳስለቀሰ ቤት ይቁጠረው። በ2004 ጃፓን ውስጥ ብቻ አንድ የእጅ ኮንሶል ጌም ወጣ። ከዚያ 19 ዓመት ዝምታ። የኤፍ-ዜሮን ጀግና ካፕቴን ፋልኮንን ስማሽ ብራዘርስ በሚባለው የኒንቴንዶ የፍልሚያ ጌም የሚያውቅ፣ እሽቅድምድም ላይ ግን አይቶት የማያውቅ አንድ ሙሉ ትውልድ አደገ። ይህ ያሳዝነኛል።

በ2023 ኤፍ-ዜሮ 99 መጣ። 99 ሰው በኢንተርኔት ይወዳደርበታል። ልቡ ተጠብቋል፤ ጉልበትና ፍጥነት ከአንድ መስመር ይወጣሉ። ጥሩ ጌም ነው። ሆኖም መልኩና መንገዶቹ ከ1990ው የተወሰዱ ናቸው። ሙሉ ተከታይ ልለው አልችልም።

ተተኪስ? ፋስት አርኤምኤክስ ያምራል፤ ፈጣንም ነው። የእሱ ጥያቄ ግን የመኪናውን ቀለም መንገዱ ላይ ካለው መስመር ጋር ማመሳሰል ነው። ዋይፕአውት ደግሞ መሣሪያ ላይ ያተኩራል። ሁለቱንም መጫወት ያስደስታል፤ የኤፍ-ዜሮን ቦታ ግን አልያዙም።

ጂኤክስን ዛሬ በኒንቴንዶ ኮንሶል በስዊች 2 በአባልነት ክፍያ ማግኘት ይቻላል፤ ከ2025 ጀምሮ። ኤክስም በዚሁ አገልግሎት ውስጥ አለ።

## ሲምሲቲ 4፦ በግማሽ የተያዘ ወንበር

ሲምሲቲ 4 በ2003 ወጣ። ከተማ ትሠራላችሁ። የጌሙ ልብ ግን ከመሥራቱ ይልቅ ወጪውን መቻሉ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ገንዘባችሁ ትንሽ ነው። ትምህርት ቤት ብትከፍቱ የወር ወጪው ይበላችኋል። ባትከፍቱ ሕዝቡ ሳይማር ይቀራል፤ ያልተማረ ሕዝብ ያለበት ከተማ ደግሞ ጭስ ከሚተፉ ፋብሪካዎች በቀር ብዙ አይስብም። ታክስ ብትጨምሩ ሀብታሙ ጥሎ ይሄዳል። በየደቂቃው የሚጠይቃችሁ «ዛሬ አቅሜ የማይፈቅደውን ለነገ ብዬ ልሥራ?» እያለ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሳችሁን ከበጀት ሠንጠረዥ ጋር ስትከራከሩ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ውበቱ ክልሉ ነው። ከተማችሁ ለብቻው አይቆምም። አጠገቡ ሌላ ትመሠርታላችሁ። አንዱ ለአንዱ መብራትና ውሃ ይሸጣል። ቆሻሻ እንኳ በክፍያ ይላካል። ሰዉ አንዱ ከተማ ውስጥ አድሮ ሌላው ውስጥ ይሠራል። ትልቁ ካርታ ጎኑ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ክልሉ ደግሞ እንዲህ ባሉ ካርታዎች የተሞላ ነው።

በ2013 ሲምሲቲ ተብሎ አዲስ ወጣ። የካርታው ጎን ወደ 2 ኪሎ ሜትር ወረደ። ስፋቱን አስሉት፤ ሩብ ነው። ብቻችሁን ለመጫወት እንኳ ኢንተርኔት ግዴታ ሆነ። በወጣ ሰሞን ሰርቨሮቹ አልቻሉም፤ ገንዘቡን የከፈለ ሰው መግባት አቃተው። ያለ ኢንተርኔት የሚያሠራው ማሻሻያ የመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በማርች 2015 የጌሙ ባለቤት ኤሌክትሮኒክ አርትስ ሲምሲቲን የወለደውን የማክሲስን የኤመሪቪል ስቱዲዮ ዘጋ።

በዚያው ወር ከፊንላንድ አንድ ጌም መጣ። ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበት ኮሎሳል ኦርደር የሚባል ስቱዲዮ የሠራው ሲቲስ ስካይላይንስ ነው። ሰዉ የጠየቀውን ሰጠ። ሰፊ ካርታ፣ ያለ ኢንተርኔት መጫወት፣ ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሩትን ጭማሪ) ማስገባት። ብዙዎች «በቃ፣ ሲምሲቲ ተተካ» አሉ።

እኔ ግማሹ ተተካ እላለሁ። የስካይላይንስ ልብ መንገድ ነው። ትራፊኩ የት ታነቀ? መገናኛውን እንዴት ልፍታው? በዚህ የሚያህለው አይቻለሁ አልልም። ገንዘቡ ግን ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ ብዙም አያስጨንቅም። የራሳችሁ ጎረቤት ከተማም የለም። ያ የከንቲባ ጭንቀት፣ ያ የክልል ኑሮ አሁንም ባለቤት አላገኘም። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከባድ ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ ሲወጣም በፍጥነት ችግር ተወቅሷል።

ሲምሲቲ 4 ዛሬም ይሸጣል። ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። አንድ የታወቀ ችግር አለበት፤ ብዙ ኮር ባለው ፕሮሰሰር ላይ በድንገት ሊዘጋ ይችላል። አንድ ኮር ብቻ እንዲጠቀም ማድረግ ይረዳል። ደጋፊዎች የሠሩትን የመንገድና የባቡር ሞድም ጨምሩበት። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም ሰዎች እየለፉበት ነው። ይህን ያህል የሚወደድ ጌም ተከታይ ማጣቱ ይቆጫል።

## ክሮኖ ትሪገር፦ የድሮው ያላረጀ

በ1995 ለወጣው ክሮኖ ትሪገር የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ ሦስት ትልልቅ ሰዎችን አንድ ላይ አመጣ። ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ ዩጂ ሆሪይ እና ሠዓሊው አኪራ ቶሪያማ። ሙዚቃውን በዋናነት የሠራው ያሱኖሪ ሚትሱዳ ነው።

ልቡ ጊዜ ነው። «እዚህ ያደረግኩት በሌላ ዘመን ምን ይሆናል?» መጀመሪያ አካባቢ አንድ በዓል ላይ ትዞራላችሁ። ጠረጴዛ ላይ የሰው ምሳ ተቀምጧል። ብትበሉት ምንም አይሆንም፤ ወደ ጨዋታችሁ ትሄዳላችሁ። በኋላ ፍርድ ቤት ስትቆሙ ያ ምሳ ይነሳባችኋል። ሌላ ቦታ ደግሞ በረሃ የሆነን ምድር ደን ለማድረግ ሮቦት ጓደኛችሁን በ600 ዓ.ም. ትታችሁት ትሄዳላችሁ። እናንተ በጊዜ መኪናችሁ ወደ 1000 ዓ.ም. ለመድረስ ቅጽበት ይበቃችኋል። እሱ ግን 400 ዓመት ሲተክል ኖሯል። ስታገኙት ዝጎ ቆሟል፤ ደኑ ግን አድጓል። ይህን ትዕይንት ሳስበው አሁንም ሆዴ ይባባል።

ውጊያውም ንጹሕ ነው። ጠላት ካርታው ላይ ይታያል፤ ውጊያው እዚያው ይካሄዳል። ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛሞች አንድ ላይ የሚጠቀሙት ልዩ ምት አለ። መጨረሻዎቹ ከአሥር በላይ ናቸው። ሙሉው ጌም ከ20 እስከ 25 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። የማይረባ ሰዓት የለበትም።

ክሮኖ ክሮስ በ1999 ተከታይ ሆኖ መጣ። ሙዚቃው እንባ ያመጣል። ግን በዘመናት መሃል መጓዙን ትቶ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ዓለማትን ያዘ። ከ40 በላይ ገጸ ባሕርያት ስላሉት ለእያንዳንዱ ጊዜ አልተረፈም። ራሱን ችሎ ደህና ጌም ነው። ለትሪገር ታማኝ ነው ግን አልልም።

በ2023 የወጣው ሲ ኦፍ ስታርስ ቅርብ ተተኪ ነው። ጠላቶቹ ካርታው ላይ አሉ፤ የጋራ ምቶች አሉ፤ ሚትሱዳም ሙዚቃ አዋጥቶበታል። ሰውነቱን ወርሷል። ጊዜን ግን አልወረሰም።

ቶሪያማ በ2024 አረፈ። የድሮው ቡድን ሙሉ ሆኖ ከእንግዲህ አይመለስም። የዛሬው ስኩዌር፣ ስኩዌር ኢኒክስ፣ ግን የፒክስል ሰዎችን ከአዲስ ብርሃን ጋር በሚያዋህድ ስልት ላይቭ ኤ ላይቭን በ2022 አምሮ ሠርቶታል። ስለዚህ አቅሙ አለ። ፍላጎቱን ነው የምንጠብቀው። እስከዚያው የድሮው በኮምፒውተርና በስልክ ይገኛል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለጀማሪ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

## ዲየስ ኤክስ፦ በሽልማት የተበላሸ ነፃነት

ዲየስ ኤክስ በ2000 ወጣ። መዋጋትም መደበቅም የሚቻልበት የአይዮን ስቶርም ኦስቲን ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ መሪው ዋረን ስፔክተር። የመጀመሪያው ተልእኮ የነፃነት ሐውልት ባለበት ደሴት ላይ ነው። በፊት በር መግባት፣ በጀርባ በኩል ወደ ላይ መውጣት፣ ቁልፍ መስበር፣ ሰው ማናገር ይቻላል። ጌሙ «በየት ልግባ?» ይላችኋል፤ መልሱን ከእናንተ ይጠብቃል።

ረቂቁ ነገር ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። የችሎታ ነጥብ የምታገኙት አዲስ ቦታ ስትደርሱና ተልእኮ ስትፈጽሙ ነው። ሰው በመግደል አታገኙም። ስለዚህ ብትዋጉም ብትደበቁም ጌሙ አይፈርድባችሁም።

የ2003ቱ ተከታይ ኢንቪዚብል ዋር ደረጃዎቹን አሳነሰ፤ የችሎታ ነጥቡን አወጣ፤ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ጥይት አደረገ። በ2011 የመጣው ሂውማን ሬቮሉሽን እጅግ የተሻለ ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ጠላትን ሳይገድሉ ለመጣል ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል። ነጥብ የፈለገ ተጫዋች ሁሉ ወደ አንድ አጨዋወት ይሳባል። ነፃነቱ ሳይታወቅ ጠበበ። ማንካይንድ ዲቫይድድ በ2016 ወጣ፤ ታሪኩን አንጠልጥሎ ቆመ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ሲሠራ የነበረ አዲስ ክፍል መሰረዙ ተሰማ።

ቦታው ባዶ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። የመጀመሪያው ዲየስ ኤክስ ላይ የሠራው ሃርቪ ስሚዝ በ2012 ዲስኦነርድን በጋራ መርቷል። የ2017ቱ ፕሬይ ደግሞ ለእኔ የዚህ ቤተሰብ ምርጥ ልጅ ነው። መንገዱ ተዘግቶ የማያውቅ ጌም ነው።

## ሃፍ-ላይፍ፦ ታማኝነቱ አዲስነት የሆነ

ሃፍ-ላይፍ የቫልቭ ኩባንያ የተኩስ ጌም ነው። የሃፍ-ላይፍ 2 ቅጥያ የሆነው ኤፒሶድ 2 በ2007 ወጣ፤ ታሪኩ ልብ አንጠልጥሎ ቆመ። እስካሁን ያንን ታሪክ የቀጠለ ሙሉ ጌም አልመጣም። የ2020ው አሊክስ ድንቅ ነው፤ የቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽር ግን ግድ ነው። ታሪኩም ከሃፍ-ላይፍ 2 በፊት ያለ ዘመን ላይ ነው።

እዚህ ችግሩ ለየት ይላል። የ1998ቱ ሃፍ-ላይፍ ታሪኩን ሲነግር ከተጫዋቹ እጅ ቁጥጥሩን አልነጠቀም። የ2004ቱ ደግሞ የነገሮችን ክብደት፣ ውርወራና መውደቅ የጌሙ ቋንቋ አደረገው። ልቡ በእያንዳንዱ ጊዜ ያልታየ ነገር ማሳየት ነው። እንግዲህ ለእሱ ታማኝ ለመሆን የድሮውን መድገም አይበቃም። ቫልቭ የዘገየውም ለዚህ ይመስለኛል። ገንዘብም ሰውም አያጣም።

የድሮዎቹ በርካሽ ይገኛሉ፤ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ታሪክ በአዲስ መልክ ለሚፈልግ በ2020 የተጠናቀቀው ብላክ ሜሳ አለ።

## ባንጆ-ካዙዪ እና ዳይኖ ክራይሲስ

እነዚህን ሁለቱን ቶሎ እንለፋቸው።

ባንጆ-ካዙዪ የሬር ስቱዲዮ ጌም ነው፤ በ1998 ወጣ። 9 ዓለማት፣ 100 የእንቆቅልሽ ቁራጭ፣ 900 ኖታ። ልቡ ጠባብነቱ ነው። እያንዳንዱ ዓለም ትንሽ ስለሆነ ጥጉን ሁሉ ታውቁታላችሁ። ማይክሮሶፍት ሬርን በ2002 ገዛ። በ2008 የመጣው ተከታይ መኪና መገጣጠም ሆነ። የቀድሞ የሬር ሰዎች በ2017 ዩካ-ሌይሊን አወጡ። ዓለማቱ ሰፊ ናቸው፤ ስፋቱ ግን ልቡን አሳሳው። በዚያው ዓመት የወጣው ኤ ሃት ኢን ታይም ሕያውነቱን በተሻለ ይዞታል። የድሮው ባንጆ በኤክስቦክስ ሬር ሪፕሌይ በሚባለው ስብስብ ውስጥ፣ በስዊች ደግሞ በአባልነት ይገኛል።

ዳይኖ ክራይሲስ የ1999 የካፕኮም ሥራ ነው። ጥይት ጥቂት ነው፤ ዳይኖሰሩ ፈጣን ነው። ጥያቄው «ልሩጥ ወይስ ልተኩስ?» ነው። ሁለተኛው ክፍል ወደ ተኩስ ሄደ፤ ሦስተኛው ወደ ጠፈር። ካፕኮም ግን በ2019 አስፈሪ ጌሙን ሬዚደንት ኢቭል 2ን እንደገና ሲሠራ እጁ እንዳልረሳ አሳይቷል። የሚችል ሰው አለ፤ ቦታው ባዶ ነው። ከሰባቱ ሥራው የሚቀለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የድሮው ከ2025 ጀምሮ ጂኦጂ በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ይሸጣል።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

«ዕድል» የሚለው ዓምድ የራሴ ግምት ነው።

| ጌም | የሚጠይቀው ጥያቄ | ቦታው ባዶ ነው? | የድሮው የት ይገኛል? | የተከታይ ዕድል | ለጊዜው የሚጫወቱት |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤፍ-ዜሮ | ሕይወቴን ለፍጥነት ላቃጥል? | አዎ፣ በጣም | ስዊች 2፣ በአባልነት | መካከለኛ | ኤፍ-ዜሮ 99 |
| ሲምሲቲ 4 | ዛሬ የማልችለውን ለነገ ልሥራ? | በግማሽ | ኮምፒውተር፣ ደካማም ይሁን | ዝቅተኛ | ሲቲስ ስካይላይንስ የመጀመሪያው |
| ክሮኖ ትሪገር | ይህ በሌላ ዘመን ምን ይሆናል? | አዎ | ኮምፒውተር፣ ስልክ | መካከለኛ | ሲ ኦፍ ስታርስ |
| ዲየስ ኤክስ | በየት ልግባ? | በከፊል | ኮምፒውተር | ዝቅተኛ | ፕሬይ፣ ዲስኦነርድ |
| ሃፍ-ላይፍ | ይህን ከዚህ በፊት አይቼ አውቃለሁ? | ታሪኩ አዎ | ኮምፒውተር፣ ደካማም ይሁን | ጥሩ፣ ጊዜው ባይታወቅም | አሊክስ፣ ብላክ ሜሳ |
| ባንጆ-ካዙዪ | ያላየሁት ጥግ ቀረ? | በከፊል | ኤክስቦክስ፣ ስዊች | ዝቅተኛ | ኤ ሃት ኢን ታይም |
| ዳይኖ ክራይሲስ | ልሩጥ ወይስ ልተኩስ? | አዎ | ኮምፒውተር | መካከለኛ | ሬዚደንት ኢቭል 2 ሪሜክ |

## ለእናንተ የቱ ይሆናል?

ደካማ ላፕቶፕ ብቻ ካላችሁ ሲምሲቲ 4ን፣ ሃፍ-ላይፍ 2ን እና የመጀመሪያውን ዲየስ ኤክስ ያዙ። ሦስቱም በቅናሽ ወቅት ዋጋቸው በጣም ይወርዳል። ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ቅናሹ በዓመት ደጋግሞ ይመጣል።

ስልክ ብቻ ካላችሁ ምርጫው ክሮኖ ትሪገር ነው። በስክሪን ንክኪ መጫወቱ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ውጊያው ትዕዛዝ መምረጥ ስለሆነ።

ጊዜ ካጠራችሁ ኤፍ-ዜሮ 99። አንድ ውድድር ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። በምሽት አንድ ሰዓት ብቻ ለምታገኙ ደግሞ ሃፍ-ላይፍ 2 ምቹ ነው፤ የትም ቦታ ሴቭ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። ሲምሲቲን ግን ነገ በጠዋት ሥራ ካላችሁ ማታ ባትከፍቱት ይሻላል።

ጥሩ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ በጀቱም ካልጠበበ ፕሬይን ቅድሚያ ስጡት። ከዲየስ ኤክስ ቤት የናፈቃችሁን አብዛኛውን ታገኙበታላችሁ። ሲቲስ ስካይላይንስ 2ን ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተን ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ እዩ።

ኮንሶል ልትገዙ ካሰባችሁ ለአንድ የድሮ ጌም ብላችሁ አትግዙ። ስዊች 2 ቀድሞውኑ ካላችሁ አባልነቱ ለጂኤክስ ያዋጣል። ከሌላችሁ ግን አዲስ ኤፍ-ዜሮ በይፋ እስኪታወጅ ታገሡ። ለአሊክስ ብቻ የቪአር መነጽር መግዛትም እንደዚሁ ነው። ሌላ ሁለት ወይም ሦስት የምትፈልጉት የቪአር ጌም ከሌለ መነጽሩ አቧራ ይጠጣል።

ታሪክ ብቻ ከፈለጋችሁ ክሮኖ ትሪገርን አስቀድሙ። ያልተቋጨ ታሪክ የሚያበሳጫችሁ ከሆነ ሃፍ-ላይፍና ማንካይንድ ዲቫይድድ ላይ ጠንቀቅ በሉ።

የምትወዱት ጌም ተከታይ ከታወጀ ትሬለሩን አይታችሁ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ። ትሬለር ሙዚቃውንና ስሙን ነው የሚሸጣችሁ። ሳይቆራረጥ ለአሥር ደቂቃ የሚሄድ የጨዋታ ቪዲዮ እስኪወጣ ጠብቁ። ሲወጣም ከሠንጠረዡ ሁለተኛ ዓምድ ጋር አመሳክሩት። ኤፍ-ዜሮ ከሆነ ዓይናችሁ ጉልበቱ ላይ ይሁን፤ ፍጥነት ሲጨምር መስመሩ ይቀንሳል? ሲምሲቲ ከሆነ የካርታውን ጎን በኪሎ ሜትር ፈልጉ፤ ጎረቤት ከተማ መመሥረት መቻሉንም እዩ። ዲየስ ኤክስ ከሆነ ነጥብ የሚሰጠው በምን እንደሆነ ተመልከቱ። ዳይኖ ክራይሲስ ከሆነ ደግሞ ተጫዋቹ ከዳይኖሰር ሲሸሽ እስክታዩ ድረስ ካርዳችሁን አታውጡ።